ትምህርቴን ሳልጨርስ ላስተምር?

ጥያቄ፦ የሂሳብ አያያዝ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክረምቱን የማሳልፈው ደብረ ማርቆስ፣ ከወላጆቼ ጋር ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ተሰባስበን ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት በነፃ ልንሰጥ ነው። ሂሳቡን ሌላ ልጅ ወሰደው፤ እንግሊዝኛው ለእኔ ደረሰ። ተመዝግበው የሚጠብቁኝ 28 ልጆች ናቸው። መምህርነት አልተማርኩም። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ፈተናም አልፋለሁ፤ ስናገር ግን ምላሴ ይተሳሰራል፣ ሰዋስውም እሳሳታለሁ። አንድ ዘመዴ «ራስሽ ሳትችይ የሰው ልጅ ታበላሻለሽ» ካሉኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልተወው? ካልተውኩትስ ምን ዓይነት ሥልጠና ልውሰድ? ክፍል ውስጥ አማርኛ መናገር መከልከል አለበት? ከልጆቹ ብዙዎቹ በአካባቢያችን ግጭት ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸው ስለሆኑ ከየት እንደምጀምርም ግራ ገብቶኛል።

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ልጄ፣ አትተዪው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ዛሬ ማታ እንድትተኚ ነው፤ የቀረውን ነገ አንብቢው።

የዘመድሽ ስጋት መሠረት የለውም አልልም። ግን በእንግሊዝኛ መምህርነት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ግማሹን ጊዜ ዕጩ መምህራን ሳሠለጥን ነበር። አስተማሪው ሰዋስው ስለተሳሳተ ብቻ ቋንቋው የጠፋበት ልጅ ብዙ አላየሁም። አስተማሪው አላናግር ስላለው የጠፋበትን ግን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሰሌዳው እንከን በሌለው እንግሊዝኛ ይሞላል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል፣ አንድም አፍ ሳይከፈት ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

አማርኛችን ሰው የተወለደበትን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ይለዋል። ይህን ስም ልብ ብለሽ ተመልከቺው። ቋንቋ የሚያዘው የታሰረ አፍ ሲፈታ ነው እንጂ ደብተር ሲሞላ አይደለም። ያንቺ ሥራ የ28 ልጆችን አፍ ሁለተኛ ጊዜ መፍታት ነው። «ምላሴ ይተሳሰራል» ያልሽውም ያንቺም አፍ በእንግሊዝኛ ገና ስላልተፈታ ነው፤ ከእነርሱ ጋር ይፈታል።

የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ ከገጠር የመጣ፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነበረኝ። ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ቀን ተነሣና «አይ ጎ ቱ እስኩል» አለ። ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነበር። እኔ ግን «እስኩል?» ብዬ ደገምኩበት፤ ክፍሉ አውካካ፣ እኔም ሳቅሁ። ልጁ እስከ ሰኔ ድረስ አፉን አልከፈተም። የሳቅሁበት ነገር ደግሞ የልጁ ስንፍና አልነበረም። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ተጣብቀው ሲመጡበት አይወድም፤ ፊታቸው «እ»ን ያቆማል። እኛ አዋቂዎቹ «እስፖርት» እና «እስታዲየም» እያልን ስንውል ማን ሳቀብን? የምስክር ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ይህን ግን ወረቀቱ አላስተማረኝም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ ብቻ አውጪ፦ በዚህ ክፍል በሰው ስህተት አይሳቅም። ሌላው ሕግ ሁሉ ይቆይ። በአገራችን እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ እጥረት ይልቅ የገደለው ይሉኝታና የጓደኛ ሳቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትምህርቴን ሳልጨርስ ላስተምር ወይ ብለሽ የምትጠይቂው ደግሞ ጎጃም ላይ ተቀምጠሽ ነው። የዋሸራን፣ የጎንጅን፣ የዲማን፣ የደብረ ኤልያስን የቅኔ ቤት ሰው ጠይቂ። በቅኔ ቤት አዲስ ገቢውን ሁሉ የኔታ ብቻቸውን አያስተምሩትም። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ያለው ተማሪ ግሡን ያስጠናዋል፣ ቅኔውን ይሰማለታል፤ አስነጋሪ ይሉታል። አስነጋሪው ራሱ ገና ተማሪ ነው፤ እርሱም በተራው ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይታረማል። ሳይጨርሱ ማስተማር በዚያ ቤት ነውር አይደለም። እንዲያውም ከፊቱ ያለውን አቀበት ትናንት የወጣው ሰው፣ ድንጋዩ የት እንደሚያዳልጥ ከሽማግሌው ይልቅ ያስታውሳል።

ከዚያው ቤት ሌላም ነገር ውሰጂ። ተማሪው ጥቂት ግሥና አገባብ እንደያዘ ዛፍ ሥር ሄዶ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ እንዲመጣ ይታዘዛል። በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቆጠረው ጎዶሎ ነው፤ ለየኔታ ይነግረዋል፣ ይቃናለታል፣ በማግስቱ ደግሞ ይቆጥራል። ቆጠራና ነገራ የሌለበት የቅኔ ትምህርት የለም። የእኛ እንግሊዝኛ ክፍል ግን ስምንት ዓመት አስተምሮ፣ የራሱ የሆነ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ያወጣል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ተነሥተው፣ በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች አልፈው፣ ኋላ ለንደን ላይ አምባሳደር ሆነው ተቀምጠዋል፤ ከቅኔ ቤት ይዘውት የወጡት የራስን ሠርቶ የማቅረብ ልማድ የጠቀማቸው ይመስለኛል። ሁሉን ቅጂ ማለቴ ግን አይደለም። አርጩሜው እዚያው ይቅር። ቆጣሪው ብቻውን ያሰላስላል፤ እንግሊዝኛ ግን ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

አማርኛ ይከልከል ወይ ላልሽው መልሱ እዚያው ቅኔ ቤት አለ። ግእዙ የሚፈታው በአማርኛ ነው። የኔታ አማርኛ ተናገርክ ብለው ተማሪ ሲቀጡ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አማርኛ የተናገረ ልጅ የሚቀጣባቸው ትምህርት ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የሚያፈሩት በአብዛኛው ዝምተኛ ልጅ ነው። አንቺ ሥራውን በአማርኛ አስረጂ፣ አስቸጋሪውን ቃል በአማርኛ ፍቺና እለፊ፤ ልምምዱ ግን በእንግሊዝኛ ይሁን። «ክፈቱ»፣ «ዝጉ»፣ «ጓደኛህን ጠይቅ» የመሳሰሉትን በየቀኑ የምትደጋግሚያቸውን ትእዛዞች ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ አዙሪያቸው።

ለመምህርነት ገና ያልበቃ ሰው ወደ ክፍል ሲገባም አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። በ1955 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ቁጥራቸው ወደ 280 ይጠጋ ነበር። ዋሽንግተን በሚገኘው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አንድ ክረምት ሠልጥነው በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር የተበተኑት። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹ የተመደቡት ለማስተማር ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለውን መፈክር ወላጆችሽ ሳያስታውሱት አይቀሩም። እኔን ያስተማረኝ አሜሪካዊ ከአንቺ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነበር። መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው «ገባችሁ?» ብሎ ይጠይቀናል፤ እኛም በአንድ ድምፅ «የስ ሰር!» እንላለን። የገባው አልነበረም። ነገሩን ሲደርስበት ያን ጥያቄ እርግፍ አድርጎ ተወው፤ አንዱን ወደ በሩ ልኮ «አሁን የት ነው? ምን እያደረገ ነው?» እያለ ይጠይቀን ጀመር። አንቺም «ገባችሁ?» አትበዪ። በዚህ አገር ለዚህ ጥያቄ «አልገባኝም» ብሎ የሚመልስ ልጅ ገና አልተወለደም።

አንቺ ግን አሜሪካዊው ያልነበረው ሀብት አለሽ፤ አማርኛ ተናጋሪ የት ላይ እንደሚሰናከል ከውስጥ ታውቂያለሽ። እስቲ እንየው።

«መጣ» ስንል ማን እንደመጣ ግሡ ራሱ ይናገራል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ፊት ለፊት ካላቆምሽለት አይንቀሳቀስም። ልጆችሽ «ኢዝ ጉድ» ብለው የሚጽፉት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ አማርኛቸው ትክክል ነው ስለሚላቸው ነው። «ይመጣል» ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጣውንም ነገ የሚመጣውንም ይሸከማል፤ እንግሊዝኛ ሁለቱን በተለያየ መንገድ ይላቸዋል። ከሁሉ የከፋችው «በ» ናት። በደብረ ማርቆስ፣ በመኪና፣ በቢላዋ፣ በበር ገባ፤ ለእኛ አንዲት ፊደል ናት። እንግሊዝኛው አራት ቦታ ይከፍላታል፦ ኢን፣ ባይ፣ ዊዝ፣ ስሩ። የመስተዋድድ ዝርዝር አታስሸምድጂ። እነዚህን አራት ዓረፍተ ነገሮች አስይዢያቸውና በየቀኑ በአዲስ ቃል አስለውጪያቸው።

ድምፅ ላይ ብዙ ዕድሜ አታጥፊ። «ፕ» እና «ቭ» ከውጭ ከመጡ ቃላት ጋር የገቡ ድምፆች ናቸው፤ «ቴሌቢዥን» የሚሉ አያቶች በየቤቱ አሉ። የምላስ ጫፍ በጥርስ መካከል የሚወጣበት ድምፅ «ዝ» ወይም «ስ» ቢሆንባቸው ሰው ይረዳቸዋል። የአናባቢ ማጠርና መርዘም ግን ትርጉም ይለውጣል፤ «ሺፕ» አጥሮ መርከብ ነው፣ ረዝሞ በግ ነው። መርከቡን አላዩትም፣ በጉን ግን ያውቁታል። አማርኛም በሌላ መንገድ እንዲህ እንደሚያደርግ አሳያቸው፦ «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ልዩነቱ እኛ ተነባቢውን እናጠብቃለን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አናባቢውን ያስረዝማሉ። ይህን ያየ ልጅ ዓይኑ ሲበራ ታያለሽ።

ሰዓትንም አትርሺ። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስምንት ሰዓት ነው። ልጁ ቃሉን ሁሉ በትክክል ብሎ ስድስት ሰዓት ሊሳሳት ይችላል። (አንድ ቀን ደፋር ተማሪ «ለቤተሰቡ ስንተኛ ልጅ ነህ?» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ብሎ ይጠይቅሻል። አትደንግጪ፤ «ስንተኛ»ን በአንድ ቃል የሚተካ እንግሊዝኛ የለም። አንዳንዴ የምንበልጣቸውም እኛ ነን።)

ወደ ሥልጠናው ልምጣ። ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ የምስክር ወረቀት በዓለም ላይ ለእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ከሚሰጡት ስመ ጥሮች አንዱ ነው፤ 120 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ዋናው ግን 6ቱ ሰዓት ናቸው፤ ሠልጣኙ እውነተኛ ተማሪዎችን ያስተምራል፣ ጓደኞቹና አሠልጣኙ ከኋላ ተቀምጠው ያዩታል፣ ሲጨርስ ይነግሩታል። ገንዘቡም መንገዱም ለአንቺ ሩቅ ነው። 6ቱን ሰዓት ግን ደብረ ማርቆስ ላይ መሥራት ትችያለሽ። የመምህራን ኮሌጁንም የዩኒቨርሲቲውንም የእንግሊዝኛ ክፍል በር አንኳኪ፤ አንድ መምህር ለሁለት ቀን ለምኚ። ካጣሽ ሂሳብ የሚያስተምረው ጓደኛሽ ይበቃል። ከኋላ አስቀምጪውና ሁለት ነገር ብቻ ይቁጠርልሽ፦ አንቺ ስንት ደቂቃ ተናገርሽ፣ ስንት ልጅ ተናገረ። የመጀመሪያው ቁጥር ያሳፍርሻል። ሁላችንንም አሳፍሮናል።

ከዚያ ዝም ማለትን ተለማመጂ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ክፍል ውስጥ ሰዓት ይዛ ብትለካ፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሴኮንድ ሲያስረዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ጠይቂና በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። ዝምታው ከአንቺ በቀር ማንንም አያስጨንቅም።

28 ልጅ በየተራ እየተነሣ ቢናገር ለአንዱ ሁለት ደቂቃም አይደርሰው። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አድርጊያቸው፤ 14 አፍ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ለአንዱ አውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሞጣና ወደ ደጀን የሚነሣበት ሰዓት ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ስጪው፤ ለሌላው የጉዞው ዋጋ ብቻ። ሳይጠያየቁ ወረቀታቸው አይሞላም። በማግስቱ አንዱ የጮቄ ድንችና ገብስ ሻጭ ይሁን፣ ሌላው ገዢ፤ ይከራከሩ። ጫጫታው ጎረቤት ቢደርስ ጥሩ ምልክት ነው። በቡድን ስትከፍያቸው ግን «አንድ ለአምስት» የሚለውን የድሮ የመንግሥት አደረጃጀት ስም አትጠቀሚ፤ ወላጆቻቸው ስብሰባ ተጠራ ብለው እንዳይሠጉ።

ስህተታቸውን እንዴት ልመልስ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ትጠይቂያለሽ። እየተናገሩ አታቋርጪያቸው፤ ማስታወሻ ያዢ፣ መጨረሻ ላይ የማን እንደሆነ ሳትናገሪ ሁለቱን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ አብራችሁ አቃኑት። አንቺ ያላወቅሽውን ስትጠየቂ «አላውቅም፣ ነገ አጣርቼ እመጣለሁ» በይ፤ በማግስቱም ይዘሽ ቅረቢ። ዘመድሽ የፈሩት ብልሽት የሚመጣው ይህን ቃል መናገር ከሚያፍር አስተማሪ ነው።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከክፍላቸው ቁጥር አትጀምሪ። ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ወረቀቱ ስምንተኛ ቢለውም ንባቡ አራተኛ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቀን አንድ አንዱን ለብቻው ጠርተሽ ሦስት መስመር አስነብቢው። ብዙዎቹ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ብለው እስከ «ዜድ» ይወርዱልሻል፤ «ሲ»፣ «ኤ»፣ «ቲ» ተጣምረው ሲያዩ ግን «ካት» አይሉም። ምክንያቱን ከፊደላችን ታገኚዋለሽ፦ «ለ» ስሙም ድምፁም «ለ» ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን ስሙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው። ለእነዚህ ልጆች በየቀኑ አሥር ደቂቃ ድምፁን ብቻ አስተምሪ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው የሚጠብቃቸው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ ግን እውቀቱ አይወጣለትም።

ቀኑን ስትቆርጪ ገበሬውን አማክሪ። ክረምት የአረም ጊዜ ነው፤ ልጁ ለአባቱ እጅ ነው። ሥራ በማይሠራባቸው በዓላት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ ልጆቹ ከቅዳሴ በኋላ ነፃ ናቸው፤ እነዚያን ቀኖች ያዢ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው፤ የሚያስቀድስና የሚጾም ልጅ ቀትር ላይ ጉልበት የለውም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ አለ። ሴቶቹ ልጆች ሳይመሽ ቤታቸው እንዲገቡ የመውጫ ሰዓትሽን ለእናቶቻቸው አስቀድመሽ ንገሪ፤ መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነ ቀን ትምህርቱ ይቅር።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ከ28ቱ ስንቱ ከራሱ አፍ የወጣ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ ቁጠሪና ጻፊልኝ። ቁጥሩ ትንሽም ቢሆን ሳትጨምሪበት ላኪው።